ከመጋዘን የወጣ ኮምፒዩተር የቤት መረብ በረኛ ሲሆን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዛሬው ቀን በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስለ ጋበዘኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጥሪው የደረሰኝ ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር ነበር፤ ይኸውም ንግግሩ አባላት ወደየቤታቸው ሲመለሱ በገዛ እጃቸው ሊሠሩት የሚችሉትን ነገር የሚያሳይ እንዲሆን ነው። እኔም ነገሩን ካሰላሰልሁ በኋላ፣ በአገልግሎት ብዛት ወደ መጋዘን የተጣለ አንድ ተራ ኮምፒዩተር እንዴት የመኖሪያ ቤት መረብ ራውተር ሆኖ እንደሚቋቋም ልናገር ወሰንሁ።

ርእሱ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሙያችንን የሚመለከት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች መረብ ዘርግተን እናስረክባለን፤ ነገር ግን የመረቡ በር የሆነው መሣሪያ በውስጡ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ተከታትለን ያየን ጥቂቶች ነን። መሣሪያው ሲታመም አጥፍተን እናበራዋለን፤ ካልዳነም አውጥተን ሌላ እንተካለን። ሁለተኛው ምክንያት የግሌ ነው። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ጥፋት አጥፍቼ፣ ጥፋቱ በአንድ ወጣት ባልደረባዬ ላይ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያንን በስፍራው እነግራችኋለሁ።

የነገሩ ጥንተ ታሪክ

ራውተር የሚለውን ስም ስንሰማ ዛሬ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ጥቃቅን መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብንመረምር ግን ይህ ሥራ መጀመሪያ የኮምፒዩተር ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የአርፓኔት መረብ ሲጀመር በየጣቢያው መልእክት እየተቀበለ የሚያስተላልፈው፣ ቢቢኤን የተባለው ድርጅት ለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጀው የሐኒዌል ኩባንያ ዲዲፒ 516 ኮምፒዩተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን መረቡን ሲዘረጋም፣ በሴኮንድ 56,000 ቢት በሚያስተላልፉ መስመሮች መገናኛ ላይ የተቀመጡት ዴቪድ ሚልስ የጻፉት ፈዝቦል የተባለ ፕሮግራም የተጫነባቸው ኤልኤስአይ 11 የሚባሉ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ነበሩ።

የፕላስቲኩ ሣጥንም ቢሆን ራሱ ኮምፒዩተር ነው። አንጎለ ኮምፒዩተር አለው፤ ሚሞሪ አለው፤ ብዙውን ጊዜም ሊነክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ይሠራበታል። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበውና በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ደብሊውአርቲ 54ጂ የተሰኘው ሣጥን በመጀመሪያው ሞዴሉ የነበረው ሚሞሪ 16 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ «አርጅቷል» ተብሎ ከመጋዘን ጥግ አቧራ የሚጠጣው ኮምፒዩተር 2 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ቢኖረው የዚያን 128 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለሥራው አቅም አያንሰውም። የሚጎድለው አንድ ተጨማሪ የኔትወርክ ካርድ፣ ከዚያም የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የመዝገብ ቤቱ ምሳሌ

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ራውተር ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። ለዚህም ሁላችንም ከምናውቀው የመሥሪያ ቤት አሠራር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አንድ መሥሪያ ቤት ለውጭው ዓለም ያለው አድራሻ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በውስጡ ግን የሒሳብ ክፍል፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የንብረት ክፍልና ሌላም ሌላም አለ። የሒሳብ ክፍሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ደብዳቤው በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ መዝገብ ቤት ይገባል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያም በመሥሪያ ቤቱ ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይልከዋል። መልሱ ሲመጣ «በዚህ ቁጥር ለጻፋችሁልን ደብዳቤ» ብሎ ይጀምራል። ሹሙም መዝገቡን ገልጦ ቁጥሩን ያገኝና መልሱን ለባለቤቱ ክፍል ያደርሳል። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩ የሌለ ደብዳቤ የመጣ እንደ ሆነ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም።

ራውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቤታችን ውስጥ ያለ አንድ ስልክ አድራሻው 192.168.50.23 ነው እንበል። ይህ አድራሻ የውስጥ ክፍል ስም ስለ ሆነ በውጭው ኢንተርኔት ላይ አይታወቅም። ስልኩ የላከው የመልእክት ጥቅል ራውተሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ ፍቆ የራሱን የውጭ አድራሻ ይጽፍበታል፤ ፖርት የሚባለውንም ቁጥር እንደ ወጪ ቁጥር ይመዘግበዋል። ፖርት ከ0 እስከ 65,535 የሚደርስ ቁጥር ነው። መልስ ሲመጣ መዝገቡን ተመልክቶ ወደ ስልኩ ይመልሰዋል። መዝገቡ ለዘለዓለም የሚቀመጥ አይደለም። በሊነክስ የተለመደው ቁጥር እንዳልተቀየረ ከሆነ፣ የተመሠረተ የቲሲፒ ግንኙነት ያለ እንቅስቃሴ 5 ቀን ሲቆይ፣ መልስ ያላገኘ የዩዲፒ መልእክት ግን በ30 ሴኮንድ ይሰረዛል።

ይህ አድራሻን የመለወጥ ዘዴ ኤጌቫንግና ፍራንሲስ በተባሉ ሁለት ሰዎች የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ያስፈለገበትም ምክንያት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ሕግ አድራሻን በ32 ቢት ስለ ወሰነው ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው። የዓለም ሕዝብ ዛሬ ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በ10፣ በ172.16 እስከ 172.31 እና በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት እንዲለዩ ተደረገ፤ ማንም በየቤቱ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ከዓለም አቀፉ ማከማቻ የቀሩት የመጨረሻዎቹ የአድራሻ ክፍሎችም እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2011 ለአህጉራዊ ድርጅቶች ተከፋፍለው አለቁ።

ከዚህ ሌላ ራውተሩ ሦስት ተግባራት አሉት። እንደ ዘበኛ በበሩ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ይለያል። እንደ ቤት አከራይ በቤቱ ውስጥ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ጊዜው የተወሰነ አድራሻ ያከራያል፤ ይህን ሥራ ዲኤችሲፒ እንለዋለን። እንደ ስልክ ማውጫም ስምን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ይህ ደግሞ ዲኤንኤስ ነው። መዝገብ ያዥ፣ ዘበኛ፣ አከራይና ማውጫ፤ እነዚህን አራቱን ለይቶ ያወቀ ሰው የቀረውን በትዕግሥት ይወጣዋል።

አሠራሩ

መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን አካል እንመልከት። ያለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ስሪት የሆነ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይበቃል። ሽፋኑን ከፍቶ አቧራውን ማራገፍ፣ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ መዞሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእናት ሰሌዳው ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ መለወጥ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ባትሪዋ የሞተች እንደ ሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከዓመታት በፊት ወደ ነበረው ቀን ይመለሳል፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ደግሞ የሌሎችን የምስጢር ማረጋገጫ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ስለሚጥለው ምክንያቱ የማይታወቅ እንቅፋት ይፈጠራል። በዚያው አጋጣሚ በባዮሱ ውስጥ ገብቶ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ የሰው እጅ ሳይጠብቅ እንዲነሣ ማዘዝ ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህች አንዲት ትእዛዝ ሌሊት ከመኝታ ከመነሣት ታድናለች።

ኮምፒዩተሩ ሁለት የኔትወርክ መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ። ሁለተኛውን ካርድ ገዝቶ መሰካት ቀላል ነው። ወደ ውስጥ የሚያመራው ገመድ ወደ ስዊች ይገባል፤ ከስዊቹም ወደየክፍሉ ይከፋፈላል። ለዋይፋይ አዲስ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም። የቆየውን የፕላስቲክ ሣጥን ራሱን ማሠራት ይቻላል፤ አድራሻ ማከራየቱን አስትቶ፣ ለራሱ ከውስጡ መረብ አንድ ቋሚ አድራሻ ሰጥቶ፣ ገመዱን ኢንተርኔት ከሚል መግቢያው ሳይሆን ከውስጥ መግቢያዎቹ በአንዱ መሰካት ነው። ያን ጊዜ ሣጥኑ የሬድዮ ማሰራጫ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ ሥርዓተ ክወናውን መጫን ነው። እኔ የተጠቀምሁት ሊነክስን፣ ከዚያም ውስጥ ዴቢያን የተባለውን ነው። በፍላሽ አዘጋጅቶ መጫን ይቻላል። ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ የሚያስፈልጉት እስኪጫን ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከውስጥ መረብ ሆኖ ማዘዝ ይቻላል። ሥዕላዊው ገጽና የቢሮ ፕሮግራሞቹ ባይጫኑ ይመረጣል፤ በበር ላይ የሚቆም መሣሪያ የማያስፈልገውን ባይሸከም ለደኅንነቱ ይበጀዋል።

ሦስተኛው ለሁለቱ መግቢያዎች አድራሻ መስጠት ነው። የውጭው መግቢያ አድራሻውን ከአገልግሎት ሰጪው ይቀበላል። የውስጡ መግቢያ ቋሚ አድራሻ ይሰጠዋል፤ 192.168.50.1 ይሁን እንበል። ከዚያው ቤተሰብ ለሌሎች መሣሪያዎች 253 አድራሻዎች ይቀራሉ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። የአገልግሎት ሰጪው ሣጥን ከፊት ሆኖ ራሱ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ የሚያድል ከሆነና እኛም ለውስጡ ይህንኑ ብንመርጥ፣ ኮምፒዩተሩ ግራና ቀኙን መለየት ያቅተዋል። ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ቁጥር ቢጠሩ መልእክተኛው መግቢያ እንደሚያጣ ማለት ነው። ስለዚህ የውስጡ ቁጥር ከውጭው የተለየ መሆን አለበት።

አራተኛው ዘበኛውን ማቆም ነው። በሊነክስ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይፒቴብልስ፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ኤንኤፍቴብልስ የተባለው መሣሪያ ለዚህ ያገለግላል። ትእዛዙ ረጅም መሆን የለበትም። መነሻው «ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው» የሚል ነው። በዚያ ላይ ሦስት ፈቃዶች ይጨመራሉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ይለፍ፤ ከውስጥ ለተነሣ ጥያቄ መልስ ሆኖ የመጣ ይግባ፤ ከውስጥ መረብ ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጣ ይደመጥ። ከውጭ በራሱ ተነሥቶ የሚመጣ ግን በር ላይ ይቀራል። በመጨረሻም በውጭው መግቢያ በኩል ለሚወጣው ሁሉ አድራሻ ይለወጥ የሚለው የመዝገብ ቤቱ ትእዛዝ ይጻፋል።

አምስተኛው ማስተላለፍን መፍቀድ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ትንሹ፣ ነገር ግን ዋናው ይህ ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር በተፈጥሮው ለራሱ የተላከውን ብቻ ይቀበላል፤ ለሌላ የተላከውን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ፣ የማስተላለፍ ችሎታ ያለው ኮምፒዩተር ባለቤቱ እስኪያዝዘው ድረስ ችሎታው ተዘግቶ እንዲቆይ ይደነግጋል። በሊነክስ ይህ ፈቃድ አንዲት ቁጥር ናት፤ 0 ከሆነች ተዘግቷል፤ 1 ከሆነች ተከፍቷል። ቁጥሯ በተለወጠች ቅጽበት ተራው ኮምፒዩተር ራውተር ይሆናል። ዘበኛውን አስቀድሜ ይህን ያስከተልሁት በምክንያት ነው፤ በር የሚከፈተው ዘበኛው ከቆመ በኋላ ነው። ለውጡም በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል፤ አለዚያ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ይረሳዋል።

ስድስተኛው አድራሻ ማከራየትና ስም መፈለግ ነው። ዲኤንኤስማስክ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱንም አጣምሮ ይይዛል። የሚነገረው ነገር ጥቂት ነው፤ በየትኛው መግቢያ እንዲያገለግል፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ቁጥር እንዲያከራይና ኪራዩ ለስንት ሰዓት እንደሆነ። እኔ ለ12 ሰዓት አደረግሁት። መሣሪያዎች የኪራዩ ግማሽ ሲደርስ ራሳቸው ያሳድሳሉ። በየትኛው መግቢያ እንዲያገለግል የሚለውን ቃል እባካችሁ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ኢንተርኔቱ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉን ባንድ ጊዜ መነካካት አይገባም። አራት ጥያቄዎች በተራ ይጠየቁ። ራውተሩ ራሱ ወደ ውጭ ይደርሳልን? ከውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ወደ ራውተሩ ይደርሳልን? ያው ኮምፒዩተር በቁጥር ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ይደርሳልን? በስምስ? የመጀመሪያው ካልሆነ ጉዳዩ ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ወይም ከውጭው መግቢያ ነው። ሁለተኛው ካልሆነ ገመዱን ወይም የአድራሻ ኪራዩን መመርመር ነው። ሦስተኛው ካልሆነ ማስተላለፉ አልተፈቀደም፣ ወይም መዝገብ ቤቱ አይሠራም፣ ወይም ዘበኛው ከልክሏል። አራተኛው ብቻ ከቀረ ስም ፈላጊው ነው። እንዲህ በቅደም ተከተል የሄደ ሰው የግማሽ ቀን ድካም በሩብ ሰዓት ይጨርሳል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ በሽታ አለ፤ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ግን ተጀምሮ ይቆማል። ይህ የሚታየው መስመሩ ፒፒፒኦኢ በተባለው ዘዴ የተቀጠለ ሲሆን ነው። አንድ የተለመደ ጥቅል እስከ 1,500 ባይት ይይዛል፤ ይህ ዘዴ ግን 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ የሚቀረው 1,492 ነው። ትንንሹ ጥቅል ያልፋል፤ ሙሉው ግን በሩ ይጠብበታል። መድኃኒቱ ራውተሩ በግንኙነት መጀመሪያ ላይ የጥቅሉን መጠን እንዲያሳንስ ማዘዝ ነው። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ መሣሪያ አውጥቶ የጣለ ሰው አለ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ያጠፋሁት ጥፋት

አሁን ቃል ወደ ገባሁላችሁ ነገር ልመለስ።

ኮምፒዩተሩን በቤቴ ካቋቋምሁ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል በደኅና ሠራ። ልጆቼ «አባባ የሠራው ኢንተርኔት» ይሉት ነበር። እኔም የሥራ ባልደረቦቼ እንዲያዩልኝ፣ የቢሮው መስመር ከቤቴ ስለሚፈጥንም አዳዲስ ማሻሻያዎቹን እንዳወርድበት አንድ ዓርብ ጠዋት ተሸክሜው ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድሁ። ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረምና። በሁለቱ መግቢያዎች ላይ «ውጭ»፣ «ውስጥ» ብዬ የለጠፍሁት ወረቀት በመንገድ ላይ ተልጦ ወድቆ ኖሯል። እኔም በግምት ገመዱን ሰካሁ። የሰካሁት ግን በውስጡ መግቢያ ነበር።

የዲኤችሲፒን ጠባይ ታውቃላችሁ። አዲስ የተነሣ ኮምፒዩተር በመረቡ ላይ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ በይፋ ይጮኻል። ከሚመልሱለት መካከል አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰውን ያምናል። ማን እንደ ሆንህ አረጋግጥልኝ አይልም፤ የተነገረውንም አድራሻ፣ የተነገረውንም መውጫ በር ይቀበላል። የእኔ ራውተር ደግሞ ሌላ ሥራ ስለ ሌለው ፈጣን ነበር። በዚያ ጠዋት ኮምፒዩተራቸውን ያበሩ ሠራተኞች ሁሉ አድራሻ የተከራዩት ከእኔ መሣሪያ ነበር፤ መውጫ በራቸው ያደረጉትም የውጭ ገመዱ ያልተሰካን፣ ወዴትም የማያደርስ ሣጥን ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ኮምፒዩተራቸውን ያላጠፉት ግን የቆየ ኪራያቸውን ከጥንቱ አከራይ ስለሚያሳድሱ ምንም አልነካቸውም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ይሠራል፣ ጎረቤቱ አይሠራም፤ ለበሽታው መልክ የሚያወጣለት ጠፋ።

ቀኑ የደመወዝ ዝርዝር ወደ ባንክ የሚላክበት ቀን ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ዝርዝሩ ካለበት ሰርቨር ጋር መገናኘት አልቻለም። የመረቡ ኃላፊ የነበረው ወጣት ቴክኒሻን ከክፍል ወደ ክፍል ሲሮጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ «192.168.50 የሚል አድራሻ ከየት መጣ? የእኛ እኮ በ10 ነው የሚጀምረው» ሲል ሰማሁት። ቁጥሩን የመረጥሁት እኔ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ሄጄ ገመዱን ነቀልሁ። ነገር ግን ገመዱ ቢነቀልም ኪራዩ ለ12 ሰዓት የተሰጠ ስለ ነበር ኮምፒዩተሮቹ የተሳሳተውን አድራሻ እንደ ያዙ ቀሩ፤ ልጁ በየጠረጴዛው እየዞረ አንድ በአንድ ማደስ ነበረበት። የሥራ ሰዓት አለቀ። ደመወዙም ወደ ሰኞ ተላለፈ።

በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝን አላደረግሁም። አፍሬ ዝም አልሁ። ሰኞ ጠዋት ለልጁ «ያልተፈቀደ መሣሪያ በመረቡ ውስጥ እንዲገባ በቸልተኝነት አድርገሃልና በጽሑፍ አስረዳ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ያማክረኝ ዘንድ። «ጋሼ፣ የቱ ጋ እንደ ተሳሳትሁ እርስዎ ቢያዩልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለኝም። አብረን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተን የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ደብዳቤው ከፋይሉ ወጣ፤ ለእኔ በምትኩ የተጻፈልኝ እስከ ዛሬ በፋይሌ ውስጥ አለ። ተገቢም ነው። በዕረፍት ሰዓት የጽዳት ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት የቤት ኪራይ ቀናቸው ቅዳሜ እንደ ነበረ ለሌላ ሰው ሲነግሩ ሰምቻለሁና፣ ጥፋቴ ምን ያህል እንደ ነበረ ከደብዳቤው ይልቅ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

ይህን የነገርኋችሁ ለትምህርት ነው። አንደኛ፣ በሁለቱ መግቢያዎች ላይ የሚጻፈው ምልክት በማይለቅ ቀለም በብረቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ራውተር ከቤቱ ሲወጣ አከራይነቱ አስቀድሞ ይጥፋ። ሦስተኛ፣ የመሥሪያ ቤት መረብ የምትዘረጉ ሁሉ፣ ስዊቾቹ አድራሻ የማከራየት መልስ ከታመነ መግቢያ ብቻ እንዲቀበሉ የማዘዝ ችሎታ ካላቸው ያንን ሳትሠሩ አታስረክቡ። ያ ትእዛዝ በእኛ ስዊች ላይ ቢኖር ኖሮ የእኔ መሣሪያ ጩኸቱ ከገመዱ አያልፍም ነበር። አራተኛውን ለመናገር የዕድሜዬ ድርሻ ነው፤ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ዝም ባለ ቁጥር፣ የሚጠየቀው የሚሮጠው ወጣት ነው።

ስለ ጥንቃቄና ስለ ወጪ

በበር ላይ የቆመ መሣሪያ ሲበላሽ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች እየፈለገ ተቆጣጠረ። የያዘው የስምና የይለፍ ቃል ዝርዝር ከ60 ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ያም በቂው ሆነ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የዚሁ ፕሮግራም ዝርያ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች የሆኑ ወደ 900,000 የሚጠጉ ቤቶችን ራውተር አሰናክሏል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ረጅምና የተለየ ይሁን፤ የማዘዣው በር ለውጭ አይከፈት፤ ማሻሻያ በየጊዜው ይጫን። የራሱን ራውተር የሠራ ሰው ማሻሻያውን የሚያስታውስለት ፋብሪካ የለውም፤ ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

አዲሱን የ128 ቢት አድራሻ፣ አይፒ ስሪት 6ን የሚያገኝ ቤትም ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። በእርሱ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ዓለም አቀፍ አድራሻ ስለሚኖረው የመዝገብ ቤቱ ሥራ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚቀረው ዘበኛው ብቻ ነው። የዘበኛው ትእዛዝ ለሁለቱም ስሪቶች መጻፉን ማረጋገጥ ይገባል። በሌላ በኩል ደግሞ የውጭው መግቢያ የተቀበለው አድራሻ 100.64 ብሎ ቢጀምር አትደናገጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለአገልግሎት ሰጪዎች የተለየ የውስጥ አድራሻ መጀመሪያ ነው፤ ከእናንተ መዝገብ ቤት በላይ ሌላ መዝገብ ቤት አለ ማለት ነው።

ወጪውንም መደበቅ አይገባም። ያረጀ ኮምፒዩተር ነጻ ቢገኝም መብራቱ ነጻ አይደለም። ሳያቋርጥ 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በዓመት 525 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ 8 ዋት የሚወስድ ትንሽ ሣጥን ግን 70 ብቻ። ስለዚህ ለሁሉም ቤት አልመክረውም። አንድ ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ላለው ቤት የፕላስቲኩ ሣጥን በቂ ነው። ብዙ ኮምፒዩተር ላለበት ትምህርት ቤት፣ ሰርቨር ላለው አነስተኛ መሥሪያ ቤት፣ ወይም ሙያውን ለሚማር ወጣት ግን ዋጋው ይመለሳል። ኃይል የማይፈጅ ትንሽ ኮምፒዩተር ያገኘ ደግሞ ያለ ማመንታት ይሞክረው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ የሃርድ ዲስኩ መዝገብ እንዳይጎዳ በትንሽ ዩፒኤስ ቢደገፍ መልካም ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፣

ያ ወጣት ቴክኒሻን ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒዩተሩን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ሁለት ወር በቤቱ አቆየው። ሲመልስልኝ ማዋቀሪያውን በሙሉ ከእኔ በተሻለ መልክ ጽፎት፣ በየመስመሩም በአማርኛ ማብራሪያ አክሎበት ነበር፤ በሁለቱ መግቢያዎች ላይም በብረት መርፌ «ውጭ»፣ «ውስጥ» ብሎ ፍቆበታል። ዛሬ በቤቴ በር ላይ የሚሠራው እርሱ የጻፈው ነው።

በየመጋዘናችን የተከመሩት ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው ለዚህ ሥራ ብቁ ናቸው። ማኅበራችን ከእነዚህ ጥቂቱን አሰባስቦ፣ በሚመጣው ዓመት ለወጣት አባላት የአንድ ቅዳሜ ልምምድ ቢያዘጋጅ፣ ከዘበኛው እስከ አከራዩ ሁሉንም በእጃቸው ሠርተው ይሄዳሉ። ሐሳቡን ለጉባኤው አቀርባለሁ፤ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር እኔ አመጣለሁ። ገመዱን ግን ሌላ ሰው ይሰካልኝ።